እንግሊዝኛ ብቻውን የማይበቃበት ትምህርት፦ ከሌላ አገር ወደ ጅማ የሚመጡ ተማሪዎች

አገሩን ለቆ በሌላ አገር የሚማር ወጣት ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ ቢያነብና አንድ ዓይነት ፈተና ቢፈተንም፣ የሚሸከመው ጫና ከእነርሱ ጋር እኩል አይደለም። የአገሩ ተወላጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያስበው ያወቀውን፣ ማለትም ታላቅ ሰው በምን አጠራር እንደሚጠራ፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ፣ መምህር በምን አኳኋን እንደሚጠየቅ፣ ሕመምና ሐዘን ለሰው እንዴት እንደሚነገር፣ እንግዳው ተማሪ ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን በራሱ ጊዜና በራሱ ድካም ሊማረው ይገደዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ ስለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ሲነሳ ይህ ጉዳይ ለአንባቢው እንግዳ አይሆንም፤ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ውጭ አገር ሄዶ የተማረ ልጅ ወይም ዘመድ አለና። ብዙም ያልተጻፈበት ግን ኢትዮጵያ ራሷ አስተናጋጅ ሆና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ወጣቶችን በዩኒቨርሲቲዎቿ ስታስተምር እነዚያ ወጣቶች የሚገጥማቸው ችግር ነው፤ ይህንንም ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች አኳያ መመርመር ይቻላል።

ከሌላ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ለትምህርት ሲል አገሩን የለቀቀ፣ መንግሥቱ ወይም ቤተሰቡ የላከው፣ ሲጨርስ የሚመለስበት ቤት ያለው ነው። ሌላው ጦርነት ወይም ስደት ከአገሩ ያስወጣው፣ ትምህርትን በስደት ላይ ሳለ ያገኘው፣ ሲመረቅ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የማያውቅ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ደቡብ ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሊያውያን ወጣቶች ከሁለቱም ወገን ሲሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው ሸክሙ በሚከብድበት በሁለተኛው ላይ ነው።

ወጣቶችን ከሩቅ ተቀብሎ ማስተማር ለጅማ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከተማዋ የሂርማታ ገበያ ባለቤት ብቻ ሳትሆን የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ነበረች። በመስጊድና በሼኾች ቤት የሚማረው ደረሳ፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪ፣ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ሲመጣ ምግቡን የሚሰጠው፣ ማደሪያውን የሚያዘጋጅለትና ቋንቋውን የሚያስለምደው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። በክርስቲያኑ ወገንም የአብነት ተማሪ በየመንደሩ ምግቡን እየለመነ ይማር ነበር። በሁለቱም ሥርዓት እንግዳው ተማሪ በየዕለቱ ከሕዝቡ ደጅ ስለማይለይ፣ ችግሩ ቢበዛም ከሕዝቡ ተነጥሎ የመኖር ዕድሉ ጠባብ ነበር። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለተማሪው አልጋና ምግብ በግቢው ውስጥ አዘጋጅቶ ከልመና ሲያድነው፣ ሳያስበው ከከተማው ሕዝብ ጋር የሚያገናኘውን ያን መንገድ ዘግቶበታል።

በአገር ደረጃም ቢሆን የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ከውጭ ተማሪዎች ጋር የተሳሰረ ነው። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ በተካሄደው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለሌሎች አፍሪካውያን ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታዩ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። እነዚህ ወጣቶች ከቅኝ አገዛዝ ጋር ትግል ከሚደረግባቸው አገሮች የመጡ በመሆናቸው ስለ ፖለቲካ በግልጽ መከራከርን ለምደው ነበር፤ የኢትዮጵያን የተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ምሁራንም የእነርሱ መምጣት የአገሬውን ተማሪ ስለ አፍሪካና ስለ ራሱ አገር ሁኔታ አዲስ ጥያቄ እንዲያነሳ እንዳነቃቃው ይስማማሉ። የውጭ ተማሪ ተረጂ ብቻ ሳይሆን ሰጪም እንደሆነ የሚያሳይ፣ ዛሬ ግን እምብዛም የማይታወስ ታሪክ ነው።

ዛሬ አንድ ስደተኛ ወጣት ወደ ጅማ የሚደርስበት መንገድ ከዚያ ዘመን ይልቅ ረጅምና ውስብስብ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሳ በኋላ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ሲገቡ፣ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጀዊ የመሳሰሉት መጠለያ ጣቢያዎች ተከፈቱላቸው፤ በእነዚህም ጣቢያዎች ልጆች የሚማሩት በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ሕጉን በተመለከተ፣ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የማግኘት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ የሁለተኛ ደረጃንና የከፍተኛ ትምህርትን ግን አገሪቱ ካላት አቅምና ከትምህርት ፖሊሲዋ ጋር አያይዞታል። ወጪውን በከፊል የሚሸፍነው ደግሞ በተለምዶ ዳፊ የሚባለው የነጻ ትምህርት ዕድል ነው፤ ይህ ዕድል በጀርመን መንግሥት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚካሄድ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው ራሱ ስደተኛ ከነበረው ከሳይንቲስቱ አልበርት አንስታይን ነው። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለመረዳት፣ ከዓለም ስደተኛ ወጣቶች በከፍተኛ ትምህርት ገበታ ላይ የሚገኙት ከ10 በመቶ በታች መሆናቸውንና ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ቁጥሩን ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ማቀዱን ማስታወስ ይበቃል።

ከዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። የአገሩ ተማሪ እንኳን ይህን ያህል ከወደቀ፣ መጻሕፍትና መምህራን በማይበቁበት መጠለያ ጣቢያ የተማረው ልጅ ይህን አልፎ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ምን ያህል ጥረት እንደጠየቀው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ጅማ የሚደርሰው ስደተኛ ተማሪ በአእምሮም ሆነ በትጋት ደካማ ነው ብሎ መነሳት ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ችግሩ ያለው እሱ ላይ ሳይሆን ከደረሰ በኋላ በሚጠብቀው አደረጃጀት ላይ ነው።

ከጋምቤላ የሚነሳው ተማሪ ከሞቃታማው ቆላ ተነስቶ በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ በኩል ደጋውን ወጥቶ፣ የአጋሮን የቡና ጥላ ዛፎች አልፎ፣ ዝናብ ወደሚበዛባት ቀዝቃዛዋ ጅማ ይደርሳል። ብርዱን በጋቢና በሹራብ ይከላከለዋል፤ በተማሪዎች ምግብ ቤት፣ ተማሪው በተለምዶ ካፌ በሚለው፣ በየዕለቱ የሚቀርበውን እንጀራና ሽሮም ቀስ በቀስ ይለምደዋል። እንዲህ ያሉት ነገሮች ከሩቅ ሲታዩ ትልቅ ቢመስሉም በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚያልፉ ናቸው። የማያልፈው የቋንቋ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ተደብቆ የቆየበት ምክንያት ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያን ተማሪዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ የተማሩ በመሆናቸው፣ አንዳንዶቹም ቋንቋውን ከአገሬው ተማሪ ይልቅ አቀላጥፈው ስለሚናገሩት፣ የቋንቋ ችግር የለባቸውም ተብሎ ይታሰባል። በወረቀት ላይ ይህ እውነት ነው። በተግባር ግን በእንግሊዝኛ የሚካሄደው የዩኒቨርሲቲው ሕይወት ክፍል ጥቂቱ ነው። መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ጀምሮ ከባድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ተማሪው እንዲገባው በማሰብ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ይሻገራል፤ በዚያች ቅጽበት ለሌሎቹ የበራው ነገር ለእንግዳው ተማሪ ይጨልምበታል። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ውይይቱ በአገሬው ቋንቋ ይካሄድና ለእርሱ የሚቀርለት የተጻፈውን በእንግሊዝኛ ማረም ወይም ክፍል ፊት ቆሞ ማቅረብ ይሆናል፤ ሐሳቡ እንዴት እንደተወለደ ግን አላየም። በዶርም ውስጥ ስለ ፈተና አወጣጥ፣ ስለ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች፣ ስለ ሬጅስትራር አሠራር የሚወራው ሁሉ፣ ተማሪን ከመባረር የሚያድነው ያ መደበኛ ያልሆነ ዕውቀት፣ አጠገቡ እየተነገረ ያልፈዋል። ዶርሙን የሚቆጣጠረው ፕሮክተር፣ የበሩ ጥበቃ፣ ምግብ የምታድለው ሠራተኛ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፈው ለውጥ፣ ሁሉም በማያውቀው ቋንቋ ያናግሩታል።

ይህ ችግር በየትኛውም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ቢሆንም በጅማ በተለየ ሁኔታ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ባደገው የግብርና ኮሌጅና እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ በጀመረው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውሕደት ሲሆን፣ ከኢንስቲትዩቱ የወረሰውና የሚታወቅበት መርሕ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ይባላል። መርሑ ተማሪው ሙያውን ከክፍልና ከቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን ከሕዝቡ ኑሮ እንዲማር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንደ ጅሬን፣ ሂርማታና መንደራ ቆጪ ባሉ የከተማዋ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ሕፃናት ክትባት መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ችግሩን ይለያሉ፣ መፍትሔም ያቅዳሉ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ በመጨረሻው ዓመት ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያው በአንድ ቡድን ተቀናጅተው እንደ አጋሮና ሸቤ ባሉ በቡና አገር ውስጥ በሚገኙ ከተሞች በጤና ጣቢያዎች ለሳምንታት ይሠራሉ፤ ይህም የቡድን ሥልጠና ይባላል። ከኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ሐሳቦች ሁሉ ይህን ያህል ከሕዝቡ ጋር የቀረበ ጥቂት ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ለእንግዳው ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው የመርሑ በጎነት ነው። በአጋሮ ጤና ጣቢያ የተቀመጡ፣ ከቡና ማሳቸው መጥተው ተራ የሚጠብቁ አዛውንት የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ ሐኪም ሊሆን የደረሰው ተማሪ በሽታውን የሚለይበት ዋና መሣሪያ ደግሞ፣ በሙያው ቋንቋ ሂስትሪ መውሰድ የሚባለው፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚያባብሰው በጥያቄ የሚረዳበት ጭውውት ነው። «ኤሳ ኢሲን ዹኩባ»፣ ማለትም «የት ጋ ያምዎታል» ብሎ መጠየቅን በቃል ማጥናት ይቻላል፤ መልሱን መረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞም እንደ አማርኛ ታላቅን በአክብሮት አነጋገር የሚለይ በመሆኑ፣ አክብሮትንና ቅርበትን በአንድ ተውላጠ ስም የሚጠቀልለው እንግሊዝኛ የለመደ ወጣት በዕድሜ የገፉ ሰው ፊት ሳያውቅ ሊያስቀይም ይችላል። በአስተርጓሚ ጓደኛ በኩል ሲሆንም፣ አንዲት እናት ስለ ማኅፀኗ ሕመም በሦስተኛ ሰው ፊት የምትናገረው ለብቻዋ ከምትናገረው ያንሳል፤ ጓደኛውም የራሱ ሥራ እያለበት የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፣ አንዳንዴም ረጅሙን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳጥረዋል። በመጨረሻ ተማሪው የሚመዘነው በሙያ ዕውቀቱ ሆኖ ሳለ ውጤቱን የሚወስነው ግን ማንም ያላስተማረው ቋንቋ ይሆናል።

ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ከሌሎች አገሮች ያዩት የተሻለ አሠራር አለና። በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ሲላኩ፣ ወደ ምሕንድስና ወይም ሕክምና ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ያህል የዝግጅት ፋኩልቲ በሚባል ክፍል ሩሲያኛ ይማሩ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሄዱት በላይፕሲግ ከተማ በሚገኘው በኸርደር ተቋም ጀርመንኛ ያጠኑ ነበር፤ በኩባ የወጣቶች ደሴት ያደጉትም ልጆች ስፓኒሽን ከሌላው ትምህርት ጋር ተምረዋል። በእነዚያ አገሮች ናፍቆት፣ ብርድና አንዳንዴም ንቀት ያልደረሰባቸው ነበሩ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አስተናጋጁ አገር ቋንቋውን የማስተማር ግዴታ የራሱ እንደሆነ ተቀብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ይህን ግዴታ ያላየችው የማስተማሪያው ቋንቋ የራሷ ስላልሆነ ነው። የአገሬው ተማሪና የውጭው ተማሪ ሁለቱም በባዕድ ቋንቋ ስለሚማሩ እኩል ይመስላሉ፤ ግን አንዱ ከክፍል ሲወጣ ወደ ራሱ ቋንቋ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ሌላ ባዕድ ቋንቋ ይሻገራል።

በጅማ ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር በጣም ከባድ አይደለም። አፋን ኦሮሞንና አማርኛን የሚያስተምሩ መምህራን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሉ፤ የሚጎድለው የመጀመሪያውን ዓመት ለውጭ ተማሪዎች ቋንቋ በሚያስተምር ኮርስ ማስጀመርና ያንን ኮርስ ከምረቃ መስፈርት ውስጥ ማስገባት ነው። ኮርሱ ሰዋስው ከማስጠናት ይልቅ ገበያን፣ ጤና ጣቢያንና ቀበሌን የሚመለከት መሆን አለበት፤ ልምምዱም ከተማዋ ውስጥ በቀበሌ ቤተሰቦች ዘንድ ቢሆን፣ የድሮው ደረሳ ከሕዝቡ ያገኘውን ቅርበት በአዲስ መልክ ሊመልስ ይችላል።

ተመሳሳይ ችግር በቡና ከተሞቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይታያል። በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ወደ ጎማ፣ ሊሙና ጌራ ወረዳዎች ከሌሎች አካባቢዎች ሠራተኞች ሲገቡ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በዳውሮኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ፊደል የቆጠረ ልጅ በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው በቁቤ ይጀምራል። ድንበር ባይሻገርም፣ በልጁ ላይ የሚደርሰው መደናገር ከስደተኛው ተማሪ ብዙም አይለይም።

ከቋንቋው ቀጥሎ ስደተኛውን ተማሪ የሚጎዳው የትምህርት ዓመቱ አደረጃጀት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማሪን ዓመት የሚያደራጀው እያንዳንዱ የሚሄድበት ቤት አለው ብሎ በማሰብ ነው፤ ክረምት ሲገባ የምግብ ቤቱ ሥራ ይቀንሳል፣ ዶርሞችም ይዘጋሉ። ከመጠለያ ጣቢያ የመጣው ተማሪ ቢመለስ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ከጣቢያ ለመውጣትና ለመግባትም የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ባይመለስ በከተማ የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ ከዚያም በፊት በ2012 መጀመሪያ በበርካታ ግቢዎች በብሔር ግጭት ትምህርት ሲቋረጥ፣ ይህ የአደረጃጀት ክፍተት በግልጽ ወጣ፤ የአገሬው ተማሪ በወላጆቹ ዘንድ ሲጠለል፣ እንግዳው የማያውቀውን ጠብ በማያውቀው ቋንቋ እየሰማ ነበር። ግቢው ቢያንስ አንድ ሕንፃ በክረምት ክፍት አድርጎ ቢይዝላቸው ወጪው ከሚያስቀረው ጭንቀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

የምረቃው ቀንም አዲስ ጥያቄ ያመጣል። የስደተኞች አዋጁ ስደተኛው ለሌሎች የውጭ አገር ዜጎች የተፈቀደውን ያህል ተቀጥሮ የመሥራት መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ ብዙ ተመራቂዎች ወደ መጠለያ ጣቢያው ተመልሰው በክሊኒክ ወይም በትምህርት ቤት የሚሠሩት ማበረታቻ በሚባል፣ ከመደበኛ ደመወዝ በእጅጉ ባነሰ ክፍያ ነው፤ አብሯቸው በአንድ ዶርም ተኝቶ በአንድ ቀን የተመረቀው ጓደኛቸው ግን በሙሉ ደመወዝ ይቀጠራል። ጉዳቱ በተመራቂው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሪፈራል ሆስፒታል ሲሆን፣ ከጋምቤላ በኩል የሚላኩ ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ብቻ የሚናገሩ ሕሙማንም ወደዚያ ይደርሳሉ፤ በዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ሕመምተኛ አጋሮ ጤና ጣቢያ የነበረው እንግዳ ተማሪ የገጠመውን ችግር ከሌላኛው ጎኑ ይጋፈጠዋል። ኑዌርኛ፣ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛና በጅማ ቆይታው የለመደውን አፋን ኦሮሞ የሚናገር ነርስ ወይም ሐኪም ለዚህ ሆስፒታል፣ በመቱና በበደሌ መስመር ላሉትም ሆስፒታሎች፣ ከሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ባለሙያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አስተምሮ ያበቃው ይህ ሰው የሚፈልገው በሕጉ የተፈቀደለት የሥራ ፈቃድ ሳይጓተት እንዲሰጠውና በሆስፒታሉ መዋቅር ውስጥ መደበኛ የሥራ መደብ እንዲከፈትለት ነው።